የመስቀል ወፍ በሚያዝያ

ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ ድንገት ብቅ ሲል «ምነው እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ!» እንለዋለን። ለወዳጅ ወቀሳ ጥሩ አባባል ነው። ስለ ወፏ ከሆነ ግን ትክክል አይደለም፤ የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናት።

ይህን መጀመሪያ ያሳየኝ ደቡብ ጎንደር፣ እብናት ላይ ያገኘሁት አንድ እረኛ ነው። ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተዳፋት አለ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ መሬቱ አመድ መስሏል። ክትክታ ሥር ቁጭ ብዬ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስቸግር የወፍ መንጋ እቆጥራለሁ። ልጁ ፍየሎቹን ከተከለለው ተዳፋት ውጭ ትቶ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?»

«ወፎቹን።»

«የመስቀል ወፎቹን?»

ሳቄ መጣ። መስቀል ካለፈ ሰባት ወር ሊሆነው ነው፤ ደግሞም የማውቃት የመስቀል ወፍ ቢጫና ጥቁር ናት እንጂ እንዲህ አመዳም አይደለችም። ልጁ አልተከራከረኝም። «ሲነሱ ወገባቸውን ይዩ» አለና አንዴ አጨበጨበ። መንጋው ግር ብሎ ሲነሳ ሦስቱ ወገባቸው ላይ ቢጫ ነገር ቦግ አለና ወዲያው ከቁጥቋጦው ጋር ተሰወረ።

ኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ልጁ ልክ ሆኖ ተገኘ። በየአካባቢው «የመስቀል ወፍ» የምንለው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ወንዶቹ የሚሞሸሩ፣ ከጎጆ ሠሪ ወፎች ወገን የሆኑ በርከት ያሉ ዝርያዎች ናቸው። በደጋው ከምናያቸው አንዱ ወንዱ በክረምትና በመስከረም ጥቁር ከል ለብሶ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ የሚጥል ነው። እርባታው ሲያበቃ ጥቁሩን ላባ ያወልቅና ሴቷን መስሎ ይከርማል። ወገቡ ላይ ያለው ቢጫ ግን አይለቅም፤ ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥ ይሸፈንና ሲነሳ ይታያል። ወፉ በሚያዝያም አለ። የሌለው የሰርግ ልብሱ ነው።

እረኛው ይህን ሁሉ ያውቃል። በየትኛው ቀን፣ የት ቦታ፣ ስንት ሆነው እንዳያቸው ግን የተጻፈ ነገር የለውም። አድጎ ከተማ ሲገባ ወይም ሥራ ፍለጋ አገር ሲለቅ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው፤ በእግር እየሄዱ ያዩትን አራዊትና አዕዋፍ ሳይንስ ሊጠቀምበት በሚችል መንገድ መጻፍ። በሌላው ዓለም «የዜጎች ሳይንስ» ይሉታል። ስሙ ከበድ ቢልም ሥራው እግር፣ ዓይንና እርሳስ ነው የሚጠይቀው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በገና ዕለት ወንዶች ጠመንጃ ይዘው ወጥተው ማን ብዙ ገደለ እያሉ የሚፎካከሩበት ልማድ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1900 «ዘንድሮ ከመግደል እንቁጠር» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ የገና ቀን 27 ሰዎች ቆጠሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ስለቀጠለ የትኛው ወፍ እየበዛ፣ የትኛው እየመነመነ እንደሄደ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። 27ቱ ሰዎች አዲስ ነገር ማግኘት አላስፈለጋቸውም። ቀን ጽፈው አስቀመጡ፤ ይህ በቂ ሆነ።

ወደ እብናቱ ተዳፋት ልመልሳችሁ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ በተፋሰስ ሥራና በሴፍቲኔት ወጥቶ እርከን የሠራበት፣ ድንጋይ የካበበት ቦታ ነው። ከብት እንዳይገባበት ከተከለከለ ወዲህ አጋሙም ክትክታውም ቀጋውም ተመልሷል፤ አልፎ አልፎ ከጉቶ ያቆጠቆጠ ወይራ ይታያል። በእርከኑ ጠርዝ እየታከከ የሚሄድ የእግር መንገድ አለው። እኔ የምመዘግበው በዚያ መንገድ ብቻ ነው፤ ከታችኛው ትልቅ ግራር እስከ ላይኛው ቋጥኝ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነስቼ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ።

«ለምን አንዱ መንገድ ብቻ? አዲስ ቦታ ብትሄድ አዲስ ወፍ ታይ የለ?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አያለሁ። ግን ዛሬ ሁለት ሰዓት በአንዱ ሸለቆ፣ ነገ ሃያ ደቂቃ በሌላው ጉብታ ብሄድ ብዛቱ የተለወጠው በወፎቹ ምክንያት ይሁን በእኔ እግር ምክንያት ማን ይለየዋል? መንገዱ፣ ሰዓቱና የቆይታው ርዝመት አንድ ከሆኑ የሚለወጠው ወፉ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ ስንት ሰዓት እንደተጀመረ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀና ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ መያዝ አለበት። ሰማዩ ደመና ከሆነ፣ ነፋስ ካለ ያም ይጻፋል፤ በነፋስ ቀን ወፍ ይደበቃል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ብርቅ ያለውን ብቻ ይጽፋል። ሶሪት ያየ ቀን ደብተሩን ያወጣል፤ ዋኔና ቁራ ብቻ ያየ ቀን «ዛሬ ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ኢበርድ የሚባለውና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው መዝገብ ለዚህ ሲል መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ለይተህ ያወቅሃቸውን ሁሉ ጽፈሃል ወይስ መርጠህ? «ሁሉንም» ካልን ያልጻፍነው ወፍም ይናገራል። ዛሬ ጋጋኖ ከዝርዝሩ ከጎደለ፣ ጋጋኖ በዚያ አንድ ሰዓት አልታየም ማለት ነው። ያለዚያ ግን ዝም ብለን ይሁን ሳናይ ቀርተን ይሁን አይታወቅም።

ጋጋኖን መቅረት የማይሆንለት ወፍ ስለሆነ ነው የጠቀስኩት። ገና ጎህ ሲቀድ ከማደሪያው ተነስቶ ከአናታችን በላይ እየጮኸ ሲያልፍ የራሱን ስም የሚጠራ ይመስላል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የውጭ አገር ሰው ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ሊያየው ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ጩኸቱ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰናል።

ከወፍ ሌላ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ ዱካው ይታያል። ጃርት ሌሊት አልፎ ጥቁርና ነጭ ወስፌውን ጥሎ ይሄዳል፤ እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጦ ማንሳት ነው፣ ርዝመቱ ከፎቶው እንዲታወቅ። የጅብ ኩስ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል፣ አጥንት ስለሚበላ። ቋጥኙ ላይ ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃል፤ እሱን እንኳ የተዳፋቱ ጠባቂ ቀድሞ ካላሳየኝ ከድንጋዩ አልለየውም። አይናቹራሊስት የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ለዚህ ዓይነቱ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ የተጀመረ ነው። ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ይቀበላል፤ ከዚያ ከየአገሩ ያሉ ሰዎች «ይህ እንዲህ ነው» እያሉ ይለያሉ። ከሁለት ያላነሱ ሰዎች ሐሳብ ሰጥተው ከሦስቱ ሁለት እጅ በላይ ሲስማሙ መዝገቡ ለምርምር ብቁ ይባልና መቀመጫውን ኮፐንሃገን ወዳደረገው ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ቋት ይገባል። ኔትወርክ በሌለበት የተያዘው ስልኩ ላይ ተቀምጦ ቆይቶ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል፤ በእኛ አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስም ላይ ግን እንቸገራለን። አማርኛችን ለሚታረድና ለሚታደን ወፍ ስም አይቆጥብም፤ ቆቅንና ጅግራን አንድ አድርጎ የሚጠራ ባላገር የለም። ቁራ ሲሆን ግን ሁሉም ቁራ ነው። በሰሜኑ ደጋ ቢያንስ አራት ቁራ አለ። አንደኛው መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ግዙፍ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይኖርም። ሁለተኛው ደረቱና አንገቱ ነጭ ሆኖ ከተማ ለከተማ ይዞራል። ሦስተኛው ገደል የሚወድ፣ ሲበር ጅራቱ የተቆረጠ የሚመስል ነው። አራተኛው ሁለመናው ጥቁር፣ መንቁሩ ቀጭን፣ የእርሻ ማሳ የማይለቅ። ደብተሬ የመጀመሪያ ገጾች ላይ «ቁራ፣ 6» የሚል አለ። ምን ጥቅም አለው? ስድስት ምን? አሁን ስሙን ካላወቅሁ መልኩን እጽፋለሁ፦ «ቁራ፣ ማጅራቱ ነጭ፣ 2።» ስም ኋላ ይደርሳል።

«አሞራ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ክንፉን ዘርግቶ የሚያንዣብብ ሁሉ አሞራ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲያመራ ሊማሊሞ አናት ላይ የገጠመውን ጽፏል። አሽከሮቹ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ዙሪያ ተቀምጠው ሲበሉ፣ ጢም ያለው ትልቅ አሞራ ከሰማይ ወርዶ ሥጋውን ከመካከላቸው ነጥቆ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ ተኩሶ ጣለው። የአገሬው ሰው «ንስር ወርቅ» ይለዋል ብሎ ስሙንም መዝግቧል። ክብደቱ ብሎ ያሰፈረው 22 ፓውንድ ዛሬ ስለዚህ ወፍ ከሚታወቀው በጣም ይበልጣል፤ ሚዛኑን አላምነውም። ተራራው፣ ዘመኑና ጢሙ ግን ስለተጻፉ ወፉ የትኛው እንደሆነ ከ250 ዓመት በኋላም ያለ ጥርጥር እናውቀዋለን።

ዛሬ አሞራ መቁጠር የጨዋታ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በአፍሪካ ስምንት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ በአማካይ 62 በመቶ መቀነሳቸውን አሳየ። ምክንያቱ በዋናነት መርዝ ነው፤ ለጅብና ለሌላ አውሬ የተመረዘ ሥጋ ሲጣል ቀድሞ የሚደርሰው ጥንብ አንሳ ነው። በዚያው ዓመት በሩፔል ስም የሚጠራው ትልቁ ጥንብ አንሳ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጎራ ተመደበ። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን የጎበኘ ጀርመናዊ ነው። ታዲያ የዚያ ጥናት ተመራማሪዎች «ቀነሰ» ለማለት የበቁት በምን ነበር? አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መንገድ ሲጓዝ ስንት አሞራ እንዳየ ከነዓመቱ ስለጻፈ ነው።

ከነዓመቱ ነው ያልኩት። እዚህ ላይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልዩ ጣጣ አለ፤ ያየኋቸው የውጭ አገር መመሪያዎች አያነሱትም።

ኢበርድ ላይ መመዝገብ በጀመርኩ ሰሞን የጋጋኖ መንጋ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብዬ አስገባሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ የባሕር ማዶ ገምጋሚ በትሕትና ጻፈልኝ፦ እነዚህ ወፎች እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መብረራቸውን እርግጠኛ ነህ? ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት የእነሱ 7 ሰዓት ነው፤ የእኔ ጋጋኖዎች በመዝገቡ ውስጥ በጨለማ ይበሩ ነበር። አረምኩት፣ ሳቅን፣ አለፈ። የሰዓት ስህተት ጥሩነቱ ራሱን ያጋልጣል።

የቀን ስህተት ግን ዝም ይላል። አሁን በተነሳ ፎቶ ላይ ችግር የለም፤ ስልኩ ቀኑን ከፎቶው ራሱ ያነባል። ችግሩ የሚመጣው የቆየ ደብተር ሲገለበጥ ነው። ደብተሬ ላይ «12/8/2010» ተብሎ የተጻፈ አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለቴ ነው፤ ሚያዝያ ስምንተኛ ወራችን ነዋ። በፈረንጅ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2018፣ እነሱ ኤፕሪል በሚሉት ወር ይውላል። ቁጥሩን እንዳለ ባስገባው ኮምፒዩተሩ ኦገስት 12 ቀን 2010 ብሎ ይቀበለዋል። አይጠይቅም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቀን አለ። መዝገቡ ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ፤ በዚያ ላይ ከበጋ ወደ ክረምት ተሻገረ።

በዚያ ገጽ ላይ የተጻፈው ደግሞ ምን መሰላችሁ? እረኛው ያሳየኝ መንጋ። «ቡናማ፤ ሦስቱ ወገባቸው ቢጫ።» የሚያዝያ የመስቀል ወፍ ነሐሴ ላይ ሊገኝ ነው፤ ወንዱ በጥቁርና በቢጫ ደምቆ መታየት በሚገባው ወር አመድ ለብሶ። አንድ ተመራማሪ አይቶት «በደቡብ ጎንደር ወፎቹ ላባ የሚቀይሩበት ጊዜ ተዛባ፣ ምናልባት በአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ቢጽፍ አልፈርድበትም። መዛባቱን የፈጠርኩት ግን እኔ ነኝ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አለፍ ብሎ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑ፣ ጳጉሜንም ወር ሆና መቆጠሯ ማስላቱን የባሰ ያወሳስበዋል። ስለዚህ አሁን ወርን በቁጥር አልጽፍም፤ በስሙ እጽፋለሁ። ዓመቱን ስጽፍም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳልል አላልፍም።

እንዲህ መጨነቅ ያለብን ከዚህ አካባቢ የሚወጣው መዝገብ ትንሽ ስለሆነ ነው። ወፍ ለማየት የሚመጣ ጎብኚ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ጣና፣ ሰሜን ተራሮች፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ባሌ። የሚጽፈውም በሄደበት ነው። የእብናት ስም በዓለም መዝገብ የገነነው በሌላ ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ እዚህ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በወታደር ተገደው እንዲወጡ ተደረገ፣ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። የዓለም ጋዜጦች ጻፉት። ያ መጻፉ ተገቢ ነው፤ መረሳትም የለበትም። ግን ስለ አንድ አገር የተጻፈው ይኸው ብቻ ሲሆን አንባቢው እዚያ ወይራም ሶሪትም ያለ አይመስለውም።

በደቡብ ጎንደር ዞን ያለ የተፈጥሮ ሀብት በወጉ ሲመዘገብ ምን እንደሚወጣው ግን የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ አሳይቶናል። በዞኑ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን በየካሬው እየለካ አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጠረ፤ ለዶክትሬቱም እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቀረበው። ዙሪያው ማሳ በሆነ አገር፣ ከላይ ሲያዩት እንደ አረንጓዴ ነጠብጣብ በሆነ ቅጥር ውስጥ ይህን ያህል መኖሩ ዓለምን አስደንቋል። ዛሬ «የቤተ ክርስቲያን ደን» ሲባል የደቡብ ጎንደር ስም ቀድሞ ይነሳል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ የምናገኘው የዓለም ሳጋ ጥብቅ ደን፣ አዲስ ዘመን አጠገብ ያለው ጣራ ገዳም፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ፣ ሁሉም በእግር የሚኬዱ ናቸው። ለጀማሪ ዓለም ሳጋን እመርጣለሁ፤ መኪና መንገድ ዳር ነው፣ ጥላም አለው።

ስለ አካሄድ ጥቂት ልበል። በእኛ አገር መነጽር አንጠልጥሎ ጫካ ለጫካ የሚዞር ሰው ጥርጣሬ ያሳድራል፤ ሰላም በደፈረሰበት ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬው ለሕይወት ያሰጋል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አይወጣም፤ ወፍ ለሕይወት አይተካም። ሰላም ሲሆንም ቀድሞ ቀበሌውን፣ ጠባቂውን፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ አባቶችን ማስፈቀድ ነው። እኔ ከአንድ ገዳም ደጃፍ «አባ፣ ወፍ ልቆጥር ነው» ስል «ቁጠር ልጄ፣ የቆጠረህ ግን እሱ ነው» ብለው ባርከው አስገብተውኛል። ቅዳሴ ሳይወጣ ፎቶ አላነሳሁም። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ አትቀረብም፤ ድምፅ በስልክ እያሰሙ ወፍ መጥራትም በእርባታ ጊዜ ነውር ነው። ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ የሚገኝበትን ትክክለኛ ቦታ ለሁሉ መንገር ለአዳኝ መምራት ይሆናል። አይናቹራሊስት እንዲህ ያሉትን ቦታቸውን በራሱ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ስፋት ውስጥ ይሸሽገዋል፤ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ የሚያወራውን አፍ ግን አይዘጋም።

አንባቢዬ፣ በየወረዳው ለዓመታት በእግራችሁ የዞራችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የባዮሎጂ መምህራን፣ የደን ጠባቂዎች አላችሁ። አብዛኞቻችሁ ቤት የሆነ ቦታ የተቀመጠ ደብተር አይጠፋም፤ «ዛሬ ድኩላ አየሁ»፣ «ጦጣ በቆሎ ጨረሰ»፣ «ጅግራ ሃያ» የሚል የተጻፈበት። አትጣሉት። ቀንና ቦታ ያለውን ገጽ ሁሉ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ አንድ በአንድ አስገቡት። ወሩን በስሙ ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አጠገቡ አስፍሩ።